ኮርኒስ ለሌለው ሰርግ የሚሆን ፍላሽ

በጥር ወር ቅዳሜና እሁድ አርሲ ነገሌን የሚያቋርጥ ሰው ሰርግ ሳያጋጥመው አያልፍም። ከአዲስ አበባ በዝዋይ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በአበባና በሪባን ያጌጡ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ይከታተላሉ። ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ ወንበር ተደርድሯል፤ የድምፅ ማጉያው ከሩቅ ይሰማል። ሙሽሮቹ ግን በተባለው ሰዓት አይደርሱም። ብዙ ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የሚገቡት ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ከሸራው ሥር ያለው ብርሃን በሽቦ ከተንጠለጠሉ ሁለት ሦስት አምፖሎች የሚወርደው ብቻ ነው። ካሜራ በቅርቡ የገዛ ወጣት ፎቶ አንሺ የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው።

ካሜራው አውቶ ላይ ከሆነ ውሳኔውን ራሱ ይወስዳል። ጨለማውን ሲያይ አናቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ፍላሽ ብድግ ያደርጋታል፤ ቦግ ትላለች፤ ፎቶው ተነሳ። ማታ ቤት ገብቶ ምስሉን በኮምፒውተር ሲያየው የሙሽራዋ ግንባር ያብለጨልጫል። የቬሎው ጥልፍ ጠፍቶ ጨርቁ አንድ ወጥ ነጭ ሆኗል። እናቷ በሰርጓ ቀን የሰጠቻት ሲንቄ፣ ያች የአርሲ ኦሮሞ ሴት የክብር በትር፣ ከኋላዋ ባለው ሸራ ላይ ወፍራም ጥቁር ጥላ ጥላለች። እልል ሲሉ የነበሩትን እናቶች ደግሞ ጨለማው ውጧቸዋል። ይህ ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊሰቀል ነው። እናት በልጇ ሰርግ ፎቶ ላይ ፊቷ ካልታየ ጥፋቱ በኋላ የሚስተካከል አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው አይቀርም፦ «የትኛውን ፍላሽ ልግዛ?» መልሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ጉልበት ያለውን።» እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ብዙ ብርሃን የሚተፋ ፍላሽ ሳይሆን ብርሃኑን ወደፈለገበት ሊያዞረው፣ ሲያስፈልግም ከካሜራው ላይ ሊያወርደው የሚችል ፍላሽ ነው። በአርሲ ነገሌ፣ በሻሸመኔም ሆነ በአዳማ ጓሮ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሌላው ዓለም የበለጠ እውነት ነው።

ምክንያቱን ለማየት እናቲቱ ጋ እንመለስ። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚደክመው በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ስኩዌር ነው። ሙሽራዋ ከፍላሹ 2 ሜትር ርቃ፣ እናቷ ደግሞ 4 ሜትር ርቃ ቢቆሙ እናቲቱ የምታገኘው ብርሃን ልጇ ያገኘችውን ሩብ ብቻ ነው። 6 ሜትር ላይ ያሉት ሚዜዎች የሚደርሳቸው አንድ ዘጠነኛው ነው። ጉልበት ብንጨምር ይህ ምጣኔ አይለወጥም። ሚዜዎቹ እስኪታዩ ብርሃኑን ብናበዛው የሙሽራዋ ፊት ጭራሽ ነጥቶ ይጠፋል። መፍትሔው ብርሃኑ የሚነሳበትን ቦታ መለወጥ ነው። ብርሃኑ ከላይ ወይም ከጎን ከራቀ ቦታ ከመጣ ለሙሽራዋም ለእናቷም ያለው ርቀት ይቀራረባል፤ ሁለቱም ይታያሉ።

የጥንቶቹ ባለሙያዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የፍላሽ ዱቄት እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ውስጥ በአዶልፍ ሚቴና በዮሐንስ ጌዲከ እጅ ሲሠራ ማግኒዥየም ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ተደባልቆ በእሳት የሚለኮስ ነገር ነበር፤ ጭሱም አደጋውም ከባድ ስለሆነ ከሌንሱ አጠገብ የሚያስቀምጠው አልነበረም። በኋላ የአንድ ጊዜ አምፖል መጣ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ የተሞላ ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ መላልሶ ማፈንዳትን አሳየ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ፍላሽ የዚያ ልጅ ነው። በአገራችንም ከቤድሮስ ቦያጂያንና ከልጆቹ ከሃይጋዝና ከቶርኮም ጀምሮ እስከ ሽመልስ ደስታ ድረስ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ብርሃንን ማንበብ የሥራቸው ግማሽ ነበር። ያን ያህል ርቀን መሄድም አያስፈልግም። ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ፎቶ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው መብራቱ ከካሜራው ጎን ከፍ ብሎ መቆሙን ያስታውሳል። «ቀና በል፣ ትንሽ ወደዚህ ዙር» ሲባል የነበረው ፊቱ መብራቱን እንዲያገኝ ነው። መብራቱን ከሌንሱ በላይ አስጠግቶ የለጠፈው የዛሬው ካሜራ ነው፤ ለመሸከም ስለሚመች።

እንግዲህ ሱቅ እንግባ። ካርቶኑ ላይ መጀመሪያ የሚታየው «ጋይድ ነምበር» የሚሉት ቁጥር ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ በአይኤስኦ 100 ላይ ቁጥሩን ለርቀቱ ብናካፍለው ሌንሱ የሚከፈትበትን ልክ ይሰጠናል። ጋይድ ነምበሩ 36 የሆነ ፍላሽ 4.5 ሜትር ላይ ላለ ሰው በኤፍ 8 ይበቃዋል ማለት ነው። እንደ ካነን 2000ዲ ባለ የጀማሪ ካሜራ ላይ ተሠርታ የምትመጣው ትንሿ ፍላሽ ጋይድ ነምበሯ 9 አካባቢ ነው፤ ደካማነቷ ግልጽ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። የፍላሹ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ዙም ብርሃኑን በጠባቡ ሲሰበስበው ቁጥሩ ያድጋል። የካነን 580ኢኤክስ 2 ለምሳሌ በ105 ሚሊ ሜትር ዙም 58 ሲሆን በ35 ሚሊ ሜትር ግን 36 ነው። አምራቹ ካርቶኑ ላይ የሚያትመው ትልቁን ነው። አንዱ ፍላሽ 60 ቢል፣ ሌላው 58 ቢል፣ አንደኛው በ200 ሌላኛው በ105 የተለካ ከሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። ጀማሪ በዚህ ቁጥር ተማርኮ ገንዘቡን ሲያፈስ ሳይ አዝናለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ ጭንቅላቱን በእጅ ይዞ ማዞር ይሻላል። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል? ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላም ይዞራል? ወደ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ርካሽ ፍላሽ አለ። ካሜራውን ለቁም ፎቶ ስናዞረው ግን ያ ጭንቅላት ወደ ጎን ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱንም የማይችለውን ባይገዙት ይመረጣል።

ጭንቅላቱ የሚዞረው ብርሃኑ ኮርኒስና ግድግዳ ላይ ነጥሮ እንዲመለስ ነው። በእጅ መዳፍ የምትሸፈነው የፍላሽ መስታወት ብርሃኗ ኮርኒሱ ላይ ሲያርፍ የብርሃኑ ምንጭ ሰፊ ኮርኒስ ይሆናል፤ ጥላው ይለዝባል፤ ግንባር አያብለጨልጭም። በፍላሽ ዙሪያ በውጭ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ «ወደ ነጩ ኮርኒስ አዙረው።» አርሲ ነገሌ ላይ ግን ነጭ ኮርኒስ የት አለ? አዳዲሶቹ ቤቶች ነጭ ችፑድ አላቸው፤ እዚያ ምክሩ ይሠራል። የአቡጀዴ ኮርኒስ ያለበት ሳሎንም ጥሩ ነው። ጨርቁ ዕድሜ ጠግቦ ቢጫ ካልሆነ በቀር ብርሃኑን አለስልሶ ይመልሰዋል። የማዳበሪያ ከረጢት የተወጠረበት ጣሪያ ላይ ደግሞ ጽሑፉና ቀለሙ ጣጣ ነው። ጭስ ያጠቆረው ጣሪያ ብርሃኑን ይበላዋል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ እንደ መስታወት ያንጸባርቅና ሰው ላይ የተቆራረጠ ብርሃን ይረጫል። ግድግዳውም የራሱ ጠባይ አለው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ ወደ ግድግዳው የተተኮሰ ፍላሽ ሰውን አረንጓዴ አድርጎ ይመልሰዋል። ፊት ላይ የወደቀ አረንጓዴ ደግሞ በኮምፒውተርም በቀላሉ አይለቅም።

ድንኳኑ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ ሙሽራዋ ሰማያዊ ትሆናለች። ከፍ ያለ ከሆነ ብርሃኑ ሄዶ እስኪመለስ ይሞታል። ጎኖቹ ክፍት ከሆኑ ወደ ጎን የተላከው ብርሃን ጓሮ ወጥቶ ይቀራል። እዚህ ያለው አማራጭ ብርሃኑን የሚመልስ ነገር ራሳችን ማምጣት ወይም ፍላሹን ከካሜራው ማውረድ ነው። ነጭ አንሶላ ከሙሽሮቹ መቀመጫ ፊት ለፊት፣ ከካሜራው በስተጎን፣ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ቢቆም ከዲፊውዘር ፕላስቲክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዲፊውዘሩ፣ ፍላሹ ላይ የሚደፋው ትንሽ ነጭ ቆብ፣ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነዋል እንጂ አያሰፋውም። ኮርኒስ በሌለበት ድንኳን ያ የተበተነው ብርሃን ተመልሶ አይመጣም፤ የባትሪ ድንጋዩን ብቻ ይጨርሳል።

ከሁሉም ግን የተሻለው ሁለተኛው መንገድ፣ ፍላሹን ከካሜራው ማውረድ፣ ነው። ፍላሹ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ ወንድም ወይም ረዳት ይይዘዋል። «ከፍ አድርጋት፣ ወደ እናቷ አዙራት» ይባላል። ብርሃኑ ከላይ በስተግራ ይመጣል፤ የሙሽራዋ አፍንጫ ቅርጽ ያገኛል፤ የሲንቄዋ ጥላ ከኋላ ካለው ሸራ ላይ ወርዶ መሬት ላይ ያርፋል፤ እናቲቱ ትታያለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ፍላሹ ውስጥ አብሮ የተሠራ የሬዲዮ መቀበያ ነው። ጎዶክስ ቲቲ600 እና ዮንግኑኦ ዋይኤን560 4 የሚባሉት ሁለቱም ይህ አላቸው። ካሜራው ላይ የምትሰካ ትንሽ ትሪገር ትጨመራለች፤ ግንኙነቱ በሬዲዮ ሞገድ ስለሆነ በሰው መሃልም ይሠራል። የቆዩት ሲስተሞች በብርሃን ምልክት ነበር የሚነጋገሩት፤ ሰው መሃል ሲገባ ይቋረጡ ነበር።

ያልኳቸው ሁለቱ ፍላሾች ማኑዋል ብቻ ናቸው፤ ጉልበታቸው በእጅ ነው የሚስተካከለው፤ ይህ ብዙ ሰው ያስፈራል። ቲቲኤል የሚባለው ዘዴ ፍላሹ ከዋናው ብልጭታ በፊት ትንሽ ብልጭታ ልኮ የተመለሰውን ብርሃን በሌንሱ በኩል ለክቶ ጉልበቱን የሚወስንበት ነው። ፈጣን ነው፤ ሙሽሮቹ እየተራመዱ ሲገቡ ያድናል። ችግሩ ካሜራው የሚያየው ሁሉ መሃከለኛ ግራጫ እንዲሆን መፈለጉ ነው። ቬሎና ነጠላ ምስሉን ሲሞሉት «በጣም በራ» ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ የእናቶች ጠይም ፊት ይጨልማል። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሚዜዎች ሲሰለፉ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ ቲቲኤል የሚጠቀም ሰው የፍላሹን ማካካሻ በእጁ ማስተካከል ግዴታው ነው፦ ለነጭ ልብስ ጨመር፣ ለጥቁር ቀነስ። ማኑዋሉ ግን አንዴ ከተስተካከለ አይለዋወጥም። ሙሽሮቹ መድረካቸው ላይ ተቀምጠው እንግዳው እየመጣ አብሮ ሲነሳ ርቀቱ ያው ነው፤ አንድ አራተኛ ጉልበት ላይ ይቆማል፤ መቶ ፎቶ አንድ ዓይነት ይወጣል። የሚማር ሰው በማኑዋል ቢጀምር ብርሃንን ቶሎ ያውቃል ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ካለ ጎዶክስ ቲቲ685ን የመሰለ ሁለቱንም የሚያደርግ መግዛት ይቻላል። ለካነን፣ ለኒኮንና ለሶኒ የተለያየ ስለሆነ ግን ከስሙ መጨረሻ ያለውን ምልክት ማየት ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ጠጋ ብሎ መታየት ያለበት ነገር አለ። ካሜራው አናት ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን የብረት ሐዲድ ይመልከቱ። በብዙ ካሜራ ላይ መሃሉ ላይ ተለቅ ያለች ክብ የብረት ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ደግሞ ትናንሽ ነጥቦች። ማኑዋል ፍላሽ ሁሉ፣ የየትኛውም ፋብሪካ ቢሆን፣ «አሁን ተኩስ» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበለው ከመሃሏ ነጥብ ነው። ትናንሾቹ የካነን ወይም የኒኮን የራሳቸው ቋንቋ ናቸው። ካነን ግን በጀማሪ ካሜራዎቹ በእነ 4000ዲ፣ 250ዲ እና 2000ዲ ላይ ይችን የመሃል ነጥብ ትቷታል። ሐዲዱ አለ፤ ፍላሹ ይገባል፤ ቁልፉ ይጠብቃል፤ ሲጫኑት ግን አይተኩስም። «ለሁሉም ካሜራ ይሆናል፣ ወንድሜ» ተብሎ የተሸጠው ማኑዋል ፍላሽ እዚያ ላይ ጌጥ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ካሜራ ለካነን ተብሎ የተሠራ ቲቲኤል ፍላሽ፣ ወይም በትናንሾቹ ነጥቦች መሥራት የሚችል እንደ ጎዶክስ ኤክስ2ቲ ያለ የካነን ትሪገር ያስፈልጋል። ከአርሲ ነገሌ ፍላሽ ለመግዛት ሻሸመኔ፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ሰው ካሜራውን ይዞ ይሂድ፤ ሳይከፍል በፊት ራሱ ሰክቶ ይተኩስ። ከማንም ምክር በላይ ይህ ይጠቅመዋል።

ፍላሽ የማታ ብቻ ነው የሚል እምነትም አለ፤ እኔ በቀንም እጠቀምበታለሁ። አርሲ ነገሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ወር ብዙ አትርቅም። ላንጋኖ ዳር ወይም አቢያታ ሻላ ፓርክ ሄደው በስድስት ሰዓት የሚነሱ ሙሽሮች ዓይናቸው ጉድጓድ ይሆናል። ያንን ጥላ ፍላሽ ያነሳዋል። እዚህ ላይ ነው ጉልበት የሚጠይቀው። በአይኤስኦ 100፣ በ1/200 ሰከንድ፣ በኤፍ 11 ለተነሳ የጠራራ ፀሐይ ፎቶ፣ ሰው 3 ሜትር ላይ ቢቆም ከፀሐይዋ እኩል ለመሆን 33 ጋይድ ነምበር ያስፈልጋል። ጥላውን ለማለዘብ የዚያ ግማሽ ቁጥር ይበቃል። የጀማሪ ካሜራ ከፍላሽ ጋር ከ1/200 ሰከንድ ገደማ በላይ አይፈጥንም፤ ከዚያ ካለፈ የምስሉ አንድ ጎን በጥቁር ይሸፈናል። ኤችኤስኤስ የሚባለው ችሎታ ይህን ገደብ ያነሳል፤ ግን ጉልበቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ቲቲ600 ይህን የሚያደርገው ከካሜራው ወርዶ በትሪገር ሲታዘዝ ብቻ ነው። ለጀማሪ የግድ አይደለም፤ ዛፍ ጥላ ሥር መቆምም መፍትሔ ነው።

ሌላ ቦታ ደግሞ ፍላሹን ማሳነስ ነው ጥበቡ። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ናት። እናቶች ከጌሾና ከብቅል ጋር የተብላላውን ጥንስስ በሸክላ ማሰሮ እሳት ላይ ጥደው እንፋሎቱን በቱቦ እያሳለፉ ጠብ ጠብ ያደርጉታል። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጭስ አለ፤ የእሳቱ ወጋገን ከሥር ፊታቸውን ያቀላዋል። ፍላሽ በሙሉ ጉልበት ቢተኮስ ያ ወጋገን ይጠፋል፤ ጭሱም ነጭ ግድግዳ ሆኖ ከፊታችን ይቆማል። ሸተሩን ወደ 1/15 ሰከንድ አውርዶ እሳቱ ራሱ እንዲመዘገብ ማድረግ፣ ፍላሹን ደግሞ በ1/32 ጉልበት ከጎን ካለው በር ወይም ከጭቃ ግድግዳው ላይ ማንጠር ይሻላል። የፍላሹ ብርሃን የቀትር ፀሐይ ዓይነት ነጭ፣ የእሳቱ ደግሞ ብርቱካናማ ስለሆነ ፍላሹ ፊት ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ወረቀት ቢለጠፍ ሁለቱ ይዋሃዳሉ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው ጉልበቱ እስከ 1/128 የሚወርድ ፍላሽ ነው። ሲገዙ ከላይኛው ቁጥር ጋር የታችኛውንም ይጠይቁ። ደግሞም ከመተኮስ በፊት «እናቴ፣ ላንሳሽ?» ማለት አይረሳም። ዓይን ላይ የሚበራ ነገር ነው፤ ቤቱም የእሳቸው ነው።

ያገለገለ ዕቃ ለሚፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። ከድሮ ፎቶ ቤቶች የወጡ የፊልም ዘመን ፍላሾች አንዳንዴ በርካሽ ይገኛሉ። ከእነዚህ ውስጥ እንደ ቀደምቱ ቪቪታር 283 ያሉት በመሃል ነጥባቸው ላይ ከ200 ቮልት በላይ ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ዲጂታል ካሜራን ያቃጥላል። በመልቲሜትር ሳይለኩ ካሜራ ላይ መሰካት አይገባም። ፍላሹን ፈታቶ መጠገን ደግሞ ለማያውቅ ሰው ክልክል ነው። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 300 ቮልት ገደማ ይዞ ይቆያል፤ ድንጋዩ ከወጣ በኋላም ሰው ሊመታ ይችላል።

የመጨረሻው ወጪ ድንጋይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ካሜራም ፍላሽም ተወድዷል፤ ሰው ከፍላሹ በኋላ የሚቀረው ብር ጥቂት ነው፤ እሱንም ከሰፈር ሱቅ በሚገዛ ርካሽ ድንጋይ ይጨርሰዋል። ያ ዓይነቱ ለሬዲዮ እንጂ ለፍላሽ የሚበቃ ኃይል በቶሎ አይሰጥም፤ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ፍላሹ ለመሙላት ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ቀለበቱ ሲታሰር ሳይዘጋጅ ይቀራል። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን ፍላሹን በጥቂት ሰከንድ ይሞላዋል፤ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜም ይመላለሳል። በእንዲህ ያሉ አራት ድንጋዮች ቲቲ600 በሙሉ ጉልበት 230 ጊዜ ያህል እንደሚተኩስ አምራቹ ይገልጻል፤ በአንድ አራተኛ ጉልበት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የራሱ ሊቲየም ባትሪ ያለው ጎዶክስ ቪ860 2 ደግሞ እስከ 650 ጊዜ ይደርሳል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

ስለዚህ በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ ለሚበቃው ሰው የምለው ይህ ነው። ጭንቅላቱ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር፣ ሬዲዮ ያለው፣ በካሜራው ላይ መተኮሱ የተረጋገጠ ማኑዋል ፍላሽ ይግዛ። ቀጥሎ ትሪገሯን፣ ቀጥሎ ስምንት ቻርጅ የሚደረጉ ድንጋዮች ከጥሩ ቻርጀር ጋር። አራቱ ፍላሹ ውስጥ ሲሠሩ አራቱ ኪስ ውስጥ ሞልተው ይቆዩ። መብራት በመጣ ሰዓት ሁሉንም መሰካት ነው፤ የቅዳሜው ሰርግ እሁድ መልስ አለውና።